ጂዳ ሆኜ ደሴ ላይ የተፈረመብኝ እርቅ፦ ማፍረስ ይቻላል ወይ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የኮምቦልቻ ልጅ ናቸው፤ ጂዳ ሰው ቤት ይሠራሉ። አባታቸው ደሴ ከተማ ውስጥ ቤት፣ ሐይቅ አካባቢ ደግሞ የእርሻ መሬት ትተው አረፉ። በአባት የሚገናኟቸው ታላላቅ ወንድሞቻቸው ድርሻቸውን ስለከለከሏቸው በቆንስላው በኩል ለእናታቸው ወንድም ውክልና ላኩ፤ አጎትየው ደግሞ ጠበቃ ያዙ። ኅዳር ላይ ጠበቃው ከወንድሞቻቸው ጋር ታርቆ፣ 400 ሺህ ብር ተከፍሎ፣ ቤቱም መሬቱም ለወንድሞቻቸው እንዲሆን ፍርድ ቤቱ አጽድቆታል። ጠያቂዋ ይህን የሰሙት መጋቢት ላይ ከአክስታቸው ልጅ ነው፤ ከሰሙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። አጎታቸው በመካከሉ «ከጉዳይዋ የመጣ ነው» ብለው ለእናታቸው 60 ሺህ ብር ሰጥተዋል፤ ብሩ ለእናታቸው ሕክምና ወጥቷል። «ውሳኔው ይፈርሳል ወይ? ጠበቃውንስ መክሰስ እችላለሁ?» ይላሉ።

እህቴ፣ ሊፈርስ ይችላል። የሚፈርሰው ግን በደብዳቤዎ አጥብቀው ባነሷቸው ሁለት ምክንያቶች አይደለም። «ቤቱ ሚሊዮኖች ያወጣል፣ 400 ሺህ ምን ያደርግልኛል» የሚለው ብቻውን አያፈርሰውም። «እኔን የጠየቀኝ የለም» የሚለውም ብቻውን አይበቃም፤ ፈርመው የላኩት ወረቀት «ሳትጠይቁኝ ታረቁ» የሚል ሊሆን ይችላልና። ነገሩ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚያ ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ በማንም ላይ ጣት ከመቀሰርዎ በፊት፣ ጠበቃውን ሌባ ከማለትዎም በፊት፣ ወረቀቱ እጅዎ ይግባ።

በመጀመሪያ ፍርድ ቤት ያጸደቀው እርቅ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ልንገርዎት፤ ከምን ጋር እንደሚታገሉ ማወቅ አለብዎት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3307 እንደሚለው እንዲህ ያለ ስምምነት ሁለቱም ወገን ከየመብቱ ጥቂት ጥቂት ለቆ የተነሣን ክርክር የሚጨርስበት፣ ወይም ሊነሣ ያለውን የሚያስቀርበት ውል ነው። ቁጥር 3312 ደግሞ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል ይላል፤ በለቀቅሁት መብት ላይ ተሳስቼ ነበር ብሎ መቃወምንም ይከለክላል። መልቀቅ የእርቅ ባሕርይ ስለሆነ፣ የለቀቀ ሰው ሁሉ ማግስቱን «ብዙ ለቀቅሁ» እያለ ቢመለስ የሚያልቅ ክርክር አይኖርም። ሥነ ሥርዓቱ የተጻፈው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 274 እስከ 277 ነው። ተከራካሪዎች ከፍርድ በፊት በማንኛውም ጊዜ፣ በራሳቸውም ሆነ በዳኛው አግባቢነት፣ መታረቅ ይችላሉ። ፍርድ ቤቱም ስምምነቱ ከሕግና ከመልካም ጠባይ ጋር አለመጋጨቱን አይቶ ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የምትለዋ መስመር ትከተላለች።

ይህ ሁሉ ጥንካሬ ግን አንድ ነገር ተሟልቷል ብሎ ይነሣል፤ የተስማማው ባለመብቱ ራሱ ወይም ለመስማማት ሥልጣን ያለው ወኪሉ መሆኑን። የእርስዎ ጉዳይ ዋና በር እዚህ ላይ ነው።

ሕጋችን ውክልናን በሁለት ይከፍላል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና፣ «ንብረቴን በሙሉ እንዲያስተዳድር፣ በማናቸውም ጉዳይ እንደ እኔ ሆኖ እንዲሠራ» የሚለው ዓይነት፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2203 እና 2204 መሠረት የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል። ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ይህን የመሰለው ነው። ከዚያ ያለፈ ሥራ በቁጥር 2205 ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል። ቁጥሩ በስም ከሚጠራቸው ሥራዎች መካከል የማይንቀሳቀስ ንብረት ማስተላለፍና በዋስትና ማስያዝ፣ መታረቅ፣ በግልግል ዳኝነት ለመዳኘት መስማማት፣ ስጦታ መስጠት፣ መክሰስና ተከስሶ መከራከር ይገኛሉ። ልብ ይበሉ፤ መከራከርና መታረቅ ተለያይተው ተጽፈዋል። «ክስ እንዲመሠርት፣ ማስረጃ እንዲያቀርብ፣ ይግባኝ እንዲል» ተብሎ የተወከለ ጠበቃ እስከ ሰበር ድረስ ሊሟገትልዎት ይችላል፤ ሊታረቅልዎት ግን አይችልም። የእርስዎ እርቅ ደግሞ የቤት ድርሻን በገንዘብ መልቀቅ ስለሆነ ሁለቱን ሥልጣን አንድ ላይ ይጠይቃል፤ የመታረቅንም፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት የማስተላለፍንም።

በእርስዎ ጉዳይ ነገሩን የሚያወሳስበው ውክልናው ሁለት መሆኑ ነው። አንደኛው ጂዳ ቆንስላ ፈርመው ለአጎትዎ የላኩት፣ ሁለተኛው አጎትዎ ለጠበቃው የሰጡት። ጠበቃው ከአጎትዎ የበለጠ ሥልጣን ሊኖረው አይችልም፤ አጎትየው ያልያዙትን አልሰጡትምና። ከአጎትዎ ያነሰ ግን ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው። ለምሳሌ የእርስዎ ወረቀት «በእርቅ እንዲጨርስ፣ ቤቱን እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የሚል ሊሆን ይችላል፤ የቆንስላ ቅጾች ሰውን ላለማመላለስ ሲባል ሁሉንም ነገር አጭቀው ይይዛሉ። አጎትዎ ለጠበቃው የሰጡት ግን «በፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲከራከር» ብቻ ከሆነ፣ እርቁን ፈርሞ ያቀረበውም ጠበቃው ብቻውን ከሆነ፣ ሰንሰለቱ ሁለተኛው ቀለበት ላይ ተበጥሷል። አጎትዎ ራሳቸው ችሎት ቆመው ከፈረሙ ግን የሚታየው የመጀመሪያው ወረቀት ነው። እንዲሁም የእርስዎ ውክልና ለሌላ ሰው ማስተላለፍን ይፈቅዳል ወይ የሚለው መታየት አለበት። «ጠበቃ እንዲወክል» የሚል ሐረግ ካለ የጠበቃው መያዝ በራሱ ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) ጽሕፈት ቤት ሄዶ የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ ማውጣት ነው። ውሳኔዋን አንዲት ገጽ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠቅመንም። ሁለቱ ውክልናዎች፣ ስምምነቱ የተጻፈበት ወረቀት ከነፊርማው፣ በዚያ ቀጠሮ ማን ማን እንደቀረበ የሚያሳየው የችሎት መዝገብ፣ ብሩ ለማን እንደተከፈለ የሚያሳይ ደረሰኝ ካለ እሱም ይውጣ። ጠበቃው ካልፈለገ አይስጥዎት፤ መዝገቡ የእርስዎ ስለሆነ በስምዎ የሚቀርብ ሰው ማውጣት ይችላል።

ወረቀቶቹ መጥተው የመታረቅ ሥልጣን ከሌለባቸው ስሕተቱ ከመዝገቡ ላይ ይነበባል። ምስክር አያስፈልግዎትም፤ ውክልናው ከፋይሉ ጋር ተያይዟል፣ ፍርድ ቤቱ ግን ሳያነበው እርቁን አጽድቋል። ይህ የሕግ ስሕተት ነው፤ የይግባኝ ጉዳይ ነው። ቁጥር 3312 «ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ» ቢልም እሱ የሚይዘው የተስማሙትን ነው፤ «እኔ አልተስማማሁም፣ ተስማማልሽ የተባለውም ሰው ሥልጣን አልነበረውም» የሚል ሰው ከዚያ አጥር ውጭ ቆሞ ነው የሚናገረው። ችግሩ ጊዜው ነው። ይግባኝ ውሳኔው በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ኅዳርና መጋቢትን ሲያሰሉት አልፏል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 325 በቂ ምክንያት ያለው ሰው ምክንያቱ ከተወገደ በ10 ቀን ውስጥ «ጊዜው ቢያልፍም ይፈቀድልኝ» ብሎ እንዲያመለክት በር ይከፍታል። ቁጥር 326 ግን የጠበቃ ወይም የወኪል ቸልተኝነትን በቂ ምክንያት አድርጎ አይቀበልም። ለውጭ አገር ነዋሪ ይህ በጣም ይመራል። እኔ ብሆን የምከራከረው እንዲህ ነው፤ ይህ ሰው ሥራውን ቸል ያለ ወኪል አይደለም፣ ለዚህ ሥራ ጭራሽ ወኪል አልነበረም፤ ስለዚህ ዝምታው በእኔ አይቆጠርም። ሥልጣን ያልነበረው መሆኑን ያወቅሁትም ከወሬ ሳይሆን መዝገቡን ባየሁበት ቀን ነው። የሚያሸንፍ ክርክር ነው ብዬ አልምልልዎትም፤ ግን የሚቀርብ ክርክር ነው። ለዚህም ግልባጩ የወጣበት ቀን ማኅተም ያለበት ማስረጃ ይኑርዎት፣ ከዚያ ቀን 10 ቀን ይቁጠሩ።

የይግባኙ በር ቢዘጋም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2190 አለ። ወኪል ከሥልጣኑ አልፎ የሠራውን ወካዩ ሊያጸድቀው ወይም ሊክደው ይችላል። ከካዱት ውሉ ይፈርሳል። ይህን መብት ግን በዝምታ ሊያጡት ይችላሉ፤ እዚህ ላይ ያ 60 ሺህ ብር ይመጣል።

ወንድሞችዎ መጀመሪያ የሚሉት ይህንኑ ነው። «ብሩን በልታ፣ እናቷን አሳክማበት፣ አሁን አላውቅም ትላለች።» በሕግ ቋንቋ፣ በተግባር አጽድቃዋለች ማለታቸው ነው። መልሱ ያለው ብሩን በተቀበሉ ጊዜ ምን ያውቁ ነበር በሚለው ላይ ነው። የማያውቁትን ነገር ማጽደቅ አይቻልም። አጎትዎ «ከጉዳይዋ የመጣ ነው» ሲሉ ቤቱ ተለቆ የተገኘ ብር መሆኑን ነግረው ነበር ወይስ የኪራይ ድርሻ መስሎ ነበር? ብሩ የተሰጠው በየትኛው ወር ነው? እርስዎ እርቁን ከሰሙበት ቀን በፊት ወይስ በኋላ? በኢሞም ሆነ በዋትስአፕ የተላላካችሁት የድምፅ መልእክት ካለ አንዱንም አያጥፉ፤ ስልክ ከቀየሩም አሮጌውን ያስቀምጡ። መልእክቱን የሰሙ፣ ብሩ ሲሰጥ የነበሩ ሰዎች ስም ይመዝገብ። ከአሁን ወዲያ ከዚያ ገንዘብ አንድ ብር እንኳ አይቀበሉ። እናትዎም እንዳይቀበሉ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ስምምነቱ ሲፈርስ ሁለቱም ወገን ወደነበረበት ስለሚመለስ 60 ሺውን የመመለስ ግዴታ ይመጣል፤ ለመመለስ ዝግጁ መሆንዎን በማመልከቻዎ ውስጥ ራስዎ አስቀድመው ይጻፉት። ይህን የጻፈች ከሳሽ ከደበቀችው ይልቅ ትታመናለች።

ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ አንድ ገጽ ይጻፉ፤ «በኅዳር ወር በስሜ የተደረገውን ስምምነት አልፈቀድሁም፣ አላጸደቅሁም፣ አላጸድቅም።» ለአጎትዎ፣ ለጠበቃው፣ ለወንድሞችዎ፣ ለእያንዳንዳቸው መድረሱ በሚረጋገጥበት መንገድ ይላክ። ወረቀቷ ለብቻዋ ውሳኔውን አታግድም፤ ግን «አውቃ ዝም ብላለች» የሚለውን አፍ ትዘጋለች። በስልክ መጮኽ ይህን አያደርግም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ዕጣ እንይ፤ ወረቀቶቹ መጥተው ሁለቱም ላይ «በእርቅ እንዲጨርስ» የሚል ቢገኝስ? ይህ የመሆን ዕድሉ ትንሽ አይደለም። ሰዉ የቆንስላውን ቅጽ ሳያነብ ይፈርማል፤ ወረፋ አለ፣ የአሠሪ ፈቃድ ሰዓት አለ። ያን ጊዜ ሥልጣን አልነበረም የሚለው ክርክር ያበቃል፤ የሚቀረው ሥልጣኑ በክፉ እምነት ሥራ ላይ ውሏል የሚለው ነው። ይህ ከመዝገቡ ላይ አይነበብም፤ ማስረጃ ይፈልጋል። ወኪሉ ወይም ጠበቃው ከወንድሞችዎ ጥቅም አግኝቶ ከሆነ፣ ወይም ጥቅሙ ከእርስዎ ጥቅም ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ ወንድሞችዎም ይህን ያወቁ ወይም ማወቅ የነበረባቸው ከሆነ፣ በቁጥር 2187 ካወቁበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላሉ። በማታለል የተገኘ ፈቃድም በቁጥር 1704 እና ተከታዮቹ፣ በቁጥር 1810 የሁለት ዓመት ገደብ፣ ለማፍረስ ምክንያት ነው። ዋጋው ማነሱ እዚህ ይጠቅማል፤ ብቻውን ሳይሆን የመመሳጠር ምልክት ሆኖ። ከተማው ውስጥ ተመሳሳይ ቤት በስንት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሁሉ ልዩነቱ ለምን እንደተዋጠ መጠየቁ አይቀርም።

ሐሰተኛ ሰነድ፣ ሐሰተኛ ምስክርነት ወይም ጉቦ ነበረ የሚያስብል ነገር ካገኙ ደግሞ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 6 ውሳኔውን የሰጠው ፍርድ ቤት ራሱ መዝገቡን እንደገና እንዲያይ ያስችላል። ይግባኝ ያልተባለበት መሆን አለበት፤ ነገሩን ካወቁበት ቀን ጀምሮም አንድ ወር ብቻ ነው ያለዎት። የእርቁን መኖር ካወቁ ሦስት ሳምንት ሆኗል፤ ይህ ወር የሚቆጠረው ግን ማጭበርበሩን ካወቁበት ቀን ነው። ተከራካሪዎችዎ ሁለቱን ቀን አንድ ማድረጋቸው ስለማይቀር፣ ምን መቼ እንደሰሙ ቀን በቀን ጽፈው ይያዙ። ይህን አቤቱታ በግምት አይጠቀሙበት። «ጉቦ ሳይበላ አይቀርም» ብሎ የገባ አቤቱታ ውድቅ ሲደረግ ይግባኝ የለውም፤ ለቀጣዩ ክስም ጥላ ይጥልበታል።

አዲስ ክስ ከመሠረቱ ወንድሞችዎ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት «ይህ ነገር አስቀድሞ ተፈርዶበታል» ማለታቸውን ከወዲሁ ይጠብቁ፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 5 እና 244 ይህን ይፈቅዱላቸዋል። መልስዎ፦ ፍርድ ቤቱ የቤቱን ባለቤትነት መርምሮ አልፈረደም፣ የሰዎችን ውል መዝግቧል፤ እኔ የምቃወመው ያ ውል በእኔ ፈቃድ ያልተመሠረተ መሆኑን ነው። ስለዚህ ክስዎ «ድርሻዬ ይሰጠኝ» ብሎ አይጀምር፤ «በስሜ የተደረገው ስምምነት ይፍረስልኝ» ብሎ ይጀምር፣ ድርሻው በተከታይነት ይጠየቅ። ይህን ቅደም ተከተል አዛብተው የሚጽፉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች በፍርድ ቤት በር ሞልተዋልና ተጠንቀቁ።

ስለ መሬቱ በአጭሩ። ሐይቅ ያለው የእርሻ ይዞታ ከደሴው ቤት ጋር በአንድ ጥቅል በብር መለቀቁ ለእርስዎ ተጨማሪ ምክንያት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በክልላችንም የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ወራሾች ሲካፈሉ አንዱ ይዞታውን ወስዶ ሌላው በሌላ ነገር ቢካስ ክፍፍል ነው ብለው ይሟገቱዎታል፤ እርስዎ ደግሞ በተጨባጭ ሽያጭ ነው ይላሉ። ለሕግ ተቃራኒ የሆነ ስምምነት መመዝገብ እንደሌለበት የእርቁ ሥነ ሥርዓት ራሱ ያዛልና ነጥቡ ክብደት አለው። የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነና ከእርቁ በኋላ ተቀይሮ እንደሆነ ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይጣራ።

አንድ ያልጠየቁኝን ነገር ልጨምር፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። እናትዎ አባትዎ ሲያርፉ ሚስታቸው ነበሩ? ቤቱስ በትዳራቸው ውስጥ የተሠራ ወይም የተገዛ ነው? ከሆነ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በትዳር የተፈራ ንብረት የጋራ ነው፤ የቤቱ እኩሌታ ቀድሞውንም የእናትዎ እንጂ ውርስ አይደለም። እናትዎ በዚያ መዝገብ ተከራካሪ ነበሩ? ካልነበሩ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 በክርክሩ መግባት ይገባው የነበረ፣ ሳይገባ መብቱ የተነካበት ሰው ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። እናትዎ የ60 ቀኑ ጣጣ የለባቸውም፣ የቆንስላ ውክልናም አያስፈልጋቸውም፤ ኮምቦልቻ ናቸው፣ ደሴ ደግሞ አጠገባቸው ነው። የጋብቻ ማስረጃቸውን፣ ቤቱ የተገነባበትን ጊዜ የሚያሳይ ካርታ ወይም የግንባታ ፈቃድ፣ የድሮ ጎረቤቶችን ምስክርነት ይዘው መቅረብ አለባቸው። 60 ሺህ ብሩን የተቀበሉት እሳቸው መሆናቸው ለወንድሞችዎ መከራከሪያ ይሆናል፤ የልጃቸው ነው ተብሎ የተሰጣቸው መሆኑን የሚያስረዳ ሰው ይኑር። በዚህ መንገድ ለመሄድ ውሳኔው አለመፈጸሙ ቁልፍ ነገር ነው፤ ካርታው በወንድሞችዎ ስም ከዞረ በሩ ይጠባል።

ስለዚህ እግዱ ነው መቅደም ያለበት። ቤቱ ለሦስተኛ ሰው ከተሸጠ፣ በቅን ልቦና ገዛሁ የሚል ሌላ ተከራካሪ ስለሚመጣ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ይግባኝ ከቀረበ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 332 አፈጻጸሙ እንዲታገድ፣ አዲስ ክስ ከሆነ በቁጥር 154 ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ ስሙ እንዳይዛወር ጊዜያዊ እግድ ከክሱ ጋር በአንድ ቀን ይጠየቅ። የከተማው ካርታና ይዞታ ክፍል በእርስዎ ደብዳቤ ብቻ ስም ማዛወሩን አያቆምም፤ የሚያቆመው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፣ ትእዛዙንም ተከታትሎ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ እግድ የሚከሽፈው ችሎት ላይ ሳይሆን ከሬጅስትራር እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ወደ ጠበቃው እንምጣ። በእሱ ላይ ያለዎት መብት እርቁ ከመፍረሱ ጋር የተያያዘ አይደለም። እርቁ ቢጸናም ወኪል በሙሉ ታማኝነትና በትጋት መሥራት፣ በወካዩ ስም የተቀበለውን ሁሉ ማስረከብና ሂሳብ ማቅረብ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2208 ጀምሮ ይህን ይዘረዝራል። ከ400 ሺው 60 ሺው ብቻ ነው የታየው። 340ው የት ነው? ጠበቃው ጋ? አጎትዎ ጋ? «ለአበልና ለውሎ» ተብሎ ተቆርጦ? የመጀመሪያው ጥያቄዎ ሂሳብ ይሁን፣ በጽሑፍ፣ የጊዜ ገደብ ተሰጥቶት። መልሱ ራሱ ብዙ ነገር ይገልጣል። ገንዘቡ ለራስ ጥቅም ውሎ ከተገኘ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 675 እምነት ማጉደል የሚባለው ነገር ይነሣል። የጥብቅና ሥነ ምግባር ጥሰት ደግሞ ፈቃድ ለሰጠው አካል፣ በክልላችን ለፍትሕ ቢሮው፣ በአቤቱታ ይቀርባል። የዲሲፕሊን ውሳኔ ቤትዎን አይመልስም፤ እዚያ ሄደው «ቤቴን አስመልሱልኝ» ብለው ጊዜ አያጥፉ።

እንደ እኔ ግምት፣ ወረቀቶቹ የመታረቅ ሥልጣን ካላቸውና የመመሳጠር ማስረጃ ከሌለ፣ ቤቱን ለማስመለስ ዓመታት ከመሟገት ከወኪሎችዎ የ340 ሺውን ሂሳብና የደረሰብዎትን ጉዳት መጠየቁ የተሻለ ነው። ይህን ሲሰሙ እንደሚከፋዎት አውቃለሁ። ሥልጣኑ ከሌለ ግን ቤቱን አይልቀቁ።

አጎትዎ ሥጋዎ ናቸውና ሽማግሌ መግባቱ አይቀርም፤ በወሎ ደግሞ አበጋሮች፣ ማለትም የአገር አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ከተቀመጡ ማንም እንቢ ብሎ አይወጣም። ከአጎትዎ ጋር ስለ ገንዘቡ ሂሳብ በሽምግልና መነጋገር ጥሩ ነው፤ ከፍርድ ቤት ቀድሞ እውነቱን ያወጣል፣ እናትዎንም ከወንድማቸው አያጣላም። ጥንቃቄ የሚያሻው ከወንድሞችዎ ጋር ያለው ነው። «400ው አነሰ፣ 200 ሺህ ይጨመርላት» የሚል ሐሳብ ከእርስዎ ወገን ከወጣ፣ እርቁን ተቀብላ ዋጋ ላይ ብቻ ተከራከረች ተብሎ ነገ ችሎት ላይ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይመሰክሩብዎታል። ስለዚህ እናትዎ ወይም ወኪልዎ ሽምግልና ሲቀመጡ ገና ከመነሻው «የኅዳሩን ስምምነት አልተቀበልነውም፤ የምንነጋገረው ያንን ሳናጸድቅ ነው» ይበሉ፣ ቢቻል ይጻፍ። የ60 ቀን፣ የ10 ቀን፣ የአንድ ወር ቆጠራ ለሽምግልና ተብሎ አይቆምም፤ «ረመዳን ይውጣ፣ ከበዓል በኋላ» እየተባለ ያለቀ ጊዜ በሕግ አይመለስም።

የመጨረሻው ነገር አዲሱ ውክልና ነው። የአጎትዎን ውክልና መሻር አለብዎት፤ ግን መጀመሪያ አዲሱን ይስጡ፣ መሻሩ ይከተል፤ አለበለዚያ በመካከሉ መዝገቡን የሚያወጣልዎት ሰው ይጠፋል። መሻሪያውም እንደ ውክልናው ሁሉ በቆንስላው ተረጋግጦ፣ አገር ቤት ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ተመዝግቦ፣ ለፍርድ ቤቱ መዝገብም ይድረስ፤ ለአጎትዎ በስልክ መንገር ብቻውን አያግዳቸውም። አዲሱን ወረቀት ደግሞ የቆንስላውን ቅጽ ዝም ብለው አይፈርሙ። እንዲህ ይጻፍ፦ የዚህን ቁጥር መዝገብ ግልባጭ እንዲያወጣ፤ በስሜ የተደረገውን ስምምነት በመቃወም ክስ፣ ይግባኝ፣ ሰበርና እግድ እንዲጠይቅ፤ ጠበቃ እንዲይዝ፤ «እኔ ራሴ በጽሑፍ፣ በፊርማዬ የተረጋገጠ የተለየ ፈቃድ ካልሰጠሁ በቀር በእርቅ እንዳይጨርስ፣ ማናቸውንም ገንዘብ በስሜ እንዳይቀበል፣ ንብረት እንዳያስተላልፍ።» ገንዘብ የሚከፈል ከሆነ የሚገባበት የባንክ ሂሳብ የእርስዎ የራስዎ ቁጥር ተጠቅሶ ይጻፍ። የቆንስላው ሠራተኛ «ቅጹ ይበቃል» ቢልዎት አይበቃኝም ይበሉ። ለእናትዎም ስለ ጋብቻ ማስረጃው ዛሬ ማታ ይደውሉላቸው።